መጀመሪያ በአፍህ አሰማኝ

መካኒኩ ዘንድ መኪናውን ይዞ የመጣ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ ራሱ መኪናውን ሆኖ መጮኽ ነበረበት። ሕጉ ይኸው ነው። ኮፈን ሳይከፈት፣ ክሪክ ሳይገባ፣ የጎማ ብሎን ሳይፈታ ባለመኪናው ጋራዡ መሃል ይቆምና የሰማውን ድምፅ በአፉ ያሰማል። ዳኛ ቢሆን፣ ነጋዴ ቢሆን፣ ከረባት ያሰረ የባንክ ሰው ቢሆን ማምለጫ የለውም።

«ምን ይላል?»

«እ... ፊት ለፊቱ አካባቢ ይጮኻል።»

«መጮኹንማ ነገርከኝ። በአፍህ አሰማኝ።»

ሰውየው ግራ ቀኙን ያያል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ እንደ አፈረ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ «ሲጥ... ሲጥ...» ይላል። በዚህ ጊዜ በያጁ ብየዳውን አቁሟል፣ ቀለም ቀቢውም ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚያመልጠው ሞኝ ጋራዡ ውስጥ የለም።

«ጎርባጣ ላይ ነው ወይስ ስታዞረው?»

«ጎርባጣ ላይ።»

«ጎርባጣ ላይ ከሆነማ ሳብ አድርገው እንጂ! ምን ያስቸኩልሃል?»

ሰውየው ሳብ ያደርገዋል፣ ጋራዡ በሳቅ ይፈርሳል፣ ባለመኪናውም ተናዶ እንደ መጣ ይረሳውና አብሮ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው። መካኒኩ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ጉድጓዳም መንገድ ይዞራሉ። መኪና ውስጥ ወሬ ክልክል ነው፤ መሳልም ቢሆን በፈቃድ ነው። ሲመለሱ በጣቱ ይጠቁማል። «የቀኙ የታችኛው ክንድ ቦኮላ። ላስቲኩ ደርቋል።» ላላመነ ሰው ውሃ በጠርሙስ ይዞ ከሥር ይገባና ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ያረጥባል፤ የምትጮኸው ላስቲክ ስትረጥብ መኪናው ዝም ይላል። ሁልጊዜም እሱ ያላት ላስቲክ እሷው ነበረች። ስሙን ትቶ ሰው ሁሉ «ጆሮው» ያለው በዚህ ነው፤ እሱም ስሙን የወደደው ይመስላል፣ በራሱ ስም ሲጠሩት ዞሮም አያይ።

ቤቱ ያለችው ደግሞ የባሰች ናት። ሚስቱ የሰፈር ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠዋት ማታ የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ ትሰፋለች። ሰው መምሰል የሚሉት ተሰጥኦ አለባት። የአከራዩን አካሄድ፣ የሬዲዮኑን ዜና አንባቢ፣ ልብሷ ጠበበኝ ብላ የመጣችን ወፍራም ደንበኛ አተነፋፈስ፣ ሁሉንም ታደርገዋለች። እራት ላይ እሱ የዕለቱን የመኪና ድምፅ ሲያወራላት እሷ ከአፉ ነጥቃ ራሱን መኪናውን ትሆንለታለች። የሁለቱ ትዳር እንዲህ በሲጥ ሲጥና በኳ ኳ የቆመ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ጆሮው መክዳት የጀመረው። መጀመሪያ የጠፉት ወፎቹ ናቸው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ የሚንጫጩት ትንንሾች ዝም ሲሉበት ሰፈር ቀየሩ ብሎ አሰበ፣ እንዲያውም ተቀየማቸው። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ ሄደ። ወፍራም ድምፅ እንደ ድሮው ነው፤ ኳ ኳ የሚል አሞርዛተር ከመንገድ ማዶ ይሰማዋል። ቀጭኑ ግን የለም። አንድ ቀን ከአንድ ደንበኛ ጎን ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ሞተሩንና ጎማውን ሰማ፣ ከዚያ ውጭ ምንም። ደንበኛው «ይኸው! ይኸው!» ይላል፣ እሱ ባዶ ነው። ደነገጠ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም።

ያዳነው ሕጉ ነበር። ለሳቅ ያመጣው ሕግ ምርኩዝ ሆነው። ሰዎቹ በአፋቸው የሚያሰሙት ድምፅ ከመኪናው ይልቅ ወፈር ስለሚል ይሰማዋል፤ የዕድሜ ልክ ልምዱን ይጨምርበትና ይፈርዳል። ዓይኑን መጨፈኑን አልተወም፣ ለወጉ ይጨፍናል። ማንም አላወቀብኝም ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። በያጁ ግን ሲጠራው ድምፁን ከፍ ማድረግ ከጀመረ ቆይቷል፣ ቀለም ቀቢውም ፊት ለፊቱ ካልቆመ አያናግረውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ጉዱ የፈላው አዋላጇ የመጣች ጊዜ ነው። የመጨረሻ ልጃቸውን ያዋለደችላቸው ናት፣ ሲስተር ይሏታል፣ የቤት ሰው ማለት ናት። በትንሽ አሮጌ መኪናዋ ዳገት ቁልቁለቱን እየወጣች እየወረደች፣ መንገድ የራቃቸውን እናቶች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታያለች። ጋራዡ መሃል አቆሟትና አሰሚ ተባለች። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው አንድ ድምፅ ነው።

«ኧንጋ... ኧንጋ...» አለች።

በያጁ ወዲያው «ሲስተር፣ ወንድ ነው ሴት?» አላት።

እንዲያ የተሳቀበት ቀን የለም። ጆሮውም እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ሲስቅ ግን ልቡ ሥራ ላይ ነበር። ኧንጋ የሚል ነገር ወፍራም ነው፣ የሚያቃስት ነገር ነው፤ ከታች ነው፣ ግሪስ ያለቀበት መጋጠሚያ ነው ብሎ ፈረደ። ቀየረው። በሳምንቱ መኪናዋ ተመለሰች። አብሯት ዞረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምንም አልሰማም፤ አልሰማሁም ማለት ደግሞ ሞት መሰለው። በድፍረት «የግራው ክንድ ቦኮላ ነው» አለ። እሱንም ቀየረ። አዋላጇ አሁንም ደወለች፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲነዝረው አነሳው፤ እሑድ ጠዋት ቤት ልምጣ አለች።

«ጋሼ፣ እኔ ጩኸቱ አይደለም የሚያስፈራኝ» አለችው። «ምን እያለኝ እንደሆነ አለማወቄ ነው። ሰኞ ማታ አንዲት እናት ለማየት ያን ቁልቁለት ልወርደው ነው።»

ይቺ ንግግር ልቡ ውስጥ ቀረች። ስሙ ቢጠፋ ስሙ ነው፤ እሷ ግን መሪዋን ይዛ ቁልቁለት የምትወርደው በእሱ ቃል ተማምና ነው። እሑድ ጠዋት ሻዩን እያማሰለ ቆረጠ፤ ዛሬ ካላገኘሁት እውነቱን እነግራታለሁ፣ ቱታዬንም ከነገ ጀምሮ እሰቅላለሁ። ያለ ጋራዡ፣ ያለዚያ ሳቅ፣ ምን ሆኖ ሊውል ነው?

«ስኳሩ እኮ ሟሟ» አለችው ሚስቱ።

«እ?»

«ስኳሩ ሟሟ፣ ብርጭቆውን ልትበሳው ነው።»

የመኪናዋ ጡሩንባ ሲሰማ ሁለቱም ወጡ። እሱ ከፊት ሲገባ ሚስቱ፣ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች፣ የኋላውን በር ከፍታ ቁጭ አለች።

«ወዴት ነሽ አንቺ?»

«ጨርቅ ልገዛ።»

«በእሑድ? ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።»

«እንግዲያው ልናፈስ። ለጨርቅ ብቻ ነው እንዴ የምወጣው?»

አዋላጇ ሳቋን ዋጠች። እሱም «ሕጉን ታውቂያለሽ፣ ወሬ የለም» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሄዱ። ሞተሩን ሰማ። ጎማው ጠጠሩን ሲፈጨው ሰማ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ አለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉ፤ ቀጭኑ ድምፅ የሚኖርበት ቦታ ጭር ያለ ነው። በቃ፣ አለቀልኝ አለ በልቡ። መንገዱ መጨረሻ ግንቡ ጋ ሲደርሱ አዋላጇ ለመመለስ መሪዋን እስከ ጥግ አዞረች።

«ሲጥጥጥ... ድንግ!»

ሰማው! ጥርት አድርጎ ሰማው። ልቡ ዘለለች፤ ጆሮዬ ተመለሰ አለ፣ ወፎቹም ሊመለሱ ነው፣ ሁሉም ሊመለስ ነው። ዓይኑን ገልጦ በደስታ ዞረ። ከኋላ ወንበር ሚስቱ ከንፈሯን አሹላ፣ አንድ ቅንድቧን አንስታ ታየዋለች። መኪናው አልነበረም። እሷ ነበረች።

ታውቃለች ማለት ነው። የሚገርመው፣ ይህን ያህል ጊዜ የፈራው ነገር ሲደርስ ያመጣበት ኀፍረት አልነበረም። ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም ዱብ አለ፣ ያ ብቻ ነው።

አዋላጇ ግን መሪውን በመዳፏ መታች። «እንዴ! ልክ እንዲህ ነው የሚለው! እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበሩ?»

«ኧንጋ የት አለ ታዲያ?» አላት እሱ።

«ለኔ ኧንጋ ነው የሚመስለኝ፣ ምን ላድርግ?»

ሚስቱ ወደ ፊት ሳብ ብላ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቷን አስገባች። «ቀጥ ብላ ስትሄድ ዝም ነች። ጉድጓዱም ላይ ምንም አትል። ፊቷን ስታዞር ነው የምታኮርፈው።»

«ሲጥ ብላ ድንግ? እርግጠኛ ነሽ፣ ድንግ አለች?»

«ሲጥጥ ብላ ትጠመዘዛለች፣ ትጠመዘዛለች፣ ከዚያ እጇን እንዳስለቀቀች ልጅ ድንግ!»

«አቁሚ፣ ሲስተር! አቁሚ!»

መኪናው ሳይቆም ሊወርድ ምንም አልቀረው። የእሑድ ሱሪውን ረስቶ አቧራው ላይ ተንበረከከ፣ በጎማውና በመከላከያው መሃል እጁን አስገብቶ መዳፉን አሞርዛተሩ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ላይ አሳረፈ። «በይ፣ ቀስ ብለሽ አዙሪ።» አዋላጇ አዞረች። ሞላው ከመዳፉ ሥር ተጠመዘዘ፣ ያዘ፣ ተጨነቀ፣ ከዚያ እንደ ተለቀቀ ጅማት ዘለለ። ደግማ አዞረች፤ ደግሞ ዘለለ። ከአንጀቱ ሳቀ፣ እዚያው አቧራው ላይ እንደ ተንበረከከ።

«ላይኛው ነው! አሞርዛተሩ አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ! ዝጎ ተጣብቋል፣ ሞላው እንደ ልቡ አይዞርም። እኔ ታች ታቹን ስቆፍር እሱ ከላይ ቁጭ ብሎ ይስቅብኛል!»

ሲነሳ ጉልበቱን አራገፈና ለአዋላጇ ሳያድበሰብስ ነገራት። ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም፣ ሁለት ጊዜ በግምት ነው የቀየርኩልሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። አዋላጇ እጁን አየች፤ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ጭቃና ግሪስ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ በእጄ አይደል እንዴ የምሠራው?» አለችው። «ሕፃኑ የት እንደ ተኛ፣ ጭንቅላቱ ወዴት እንደ ዞረ፣ ሆዷ ላይ እጄን አሳርፌ ነው የማውቀው። ማን ዓይኑ ገብቶ አየ?»

ሰኞ ኩሽኔታው ተቀየረ። የዛገውን አውጥቶ ሲያሳያት ጆሮው እንደ አዲስ ሥራ ጀማሪ ፈነጠዘ። መኪናዋ ጋራዡ መሃል ግራ ቀኝ ዞረች፤ እሱ መዳፉን ሞላው ላይ፣ ሚስቱ ጆሮዋን መስኮቱ ላይ አድርገዋል። «ዝም» አለች ሚስት። «ለስላሳ» አለ ባል። በያጁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ሲስተር!» ብሎ ጮኸ፣ አዋላጇም የዚያን ዕለት ማታ ቁልቁለቱን ያለ ሐሳብ ወረደች። ቱታው አልተሰቀለም። ከዚያ ወዲህ ቀጭን ድምፅ ያላት መኪና ስትመጣ ሚስቱን ማስጠራት የጋራዡ ወግ ሆነ፤ እሷም የያዘችውን ጨርቅ ከመርፌው ሥር ትታ ትመጣለች፣ የኋላ ወንበር ትቀመጣለች፣ ወሬ ክልክል ነው የሚለውም ሕግ በእሷ ምክንያት ፈረሰ።

ግን የዚያን ሰኞ ከሥራ ሲመለስ አንድ ያልጠየቃት ነገር ከንክኖታል። ሚስቱ ጨርቅ እያጠፈች ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ቀና ሳትል በአገጯ የመኝታ ቤቱን በር አሳየችው። «ከክረምቱ ጀምሮ ይጮኻል። ስትገባም ስትወጣም። አንተ እኮ የጎረቤት በር ሲጥ ሲልብህ ዘይት ይዘህ የምትሮጥ ሰው ነህ። ይኸኛውን አልፈኸው ገባህ። በማግሥቱም አልፈኸው ገባህ።»

«ታዲያ ለምን ዘይት አልቀባሽውም?»

ጨርቁን ማጠፏን ተወች። «አንድ ቀን ትሰማው እንደሆነ ብዬ ነዋ።»

ይህን ሁሉ ወር ያ በር እየጮኸባት፣ እሱን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። እንባው መጣ፤ ደስታም ነበረበት፣ ሌላም ነበረበት። ከቱታው ኪስ ዘይቱን አወጣ፣ ማጠፊያው ላይ ጠብ ጠብ አደረገና በሩን ወዝወዝ አድርጎ ወደ እሷ ዞረ።

«አሁንስ?»

«ሲጥ» አለች።

ጨመረበት። «አሁንስ?»

«ሲጥጥ።»

ታችኛውንም ማጠፊያ አጠገበው። «አሁንስ?»

«ሲጥጥጥጥ!»

ጠረጠረ። መዳፉን በሩ ላይ ለጥፎ ቀስ ብሎ ገፋው። በሩ እንደ ሐር ሄደ፤ መንቀጥቀጥ የለ፣ መያዝ የለ። ዞሮ አያት። ከንፈሯ እንደ ሾለ ነው።

«በሩ ድኗል» አለ። «አሁን የሚጮኸው ሌላ ነው።»

«ታዲያ ማን አቁም አለህ?» አለችው። «ደግመህ ክፈተው።»

ከፈተው። «ሲጥ» አለች፣ ሰማትም።