ቁጭ ብድግ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከወንበር የምታነሳው ብብቱ ስር ገብታ ነበር። አናጢው ባሏ የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ ጉልበቱም ከድቶታል። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ እሷም ልታነሳው ስትታገል ወገቧን ቆረጣት። ይሄን የሰማች ልጃቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይዛ ከች አለች።

"እማማ፣ ከእንግዲህ እርስዎ አያንሷቸው" አለች ባለሙያዋ። "ወንበሩን ግድግዳ ያስደግፉና እጃቸውን ይዘው በየቀኑ ቁጭ ብድግ ያሰሯቸው። አእምሯቸውን አይመልስም፤ እግራቸውን ግን ያቆይልዎታል።"

"እግሩን ብቻ?"

"እግራቸውን ብቻ" አለች ባለሙያዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በማግስቱ ጀመሩ። "ብድግ በል እስቲ፣ የኔ ጌታ።"

"ምን አጥፍቼ ነው የምቀጣው?"

"አርፍደህ ነዋ!"

እውነት መስሎት አንገቱን ደፍቶ ሠራ። እሷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ያረፈደ ተማሪ ሆኖ ቀረ። እየዋለ እያደረ ግድግዳውን ተደግፎ ኮሪደሩን መሄድ ቻለ፤ እሷም ቀና ብላ መተንፈስ ጀመረች።

አንድ ጠዋት ግን እጁን ከእጇ ቀስ አድርጎ አወጣ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላት። ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ ብሏት አያውቅም። "ሥራዎ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ባለትዳር ነኝ፤ ባለቤቴ ስትመጣ እጄን ይዘው ካየችዎት ቅር ይላታል።"

እጇን ወደ ራሷ ሰበሰበች። "ቀናተኛ ናት?"

"ኧረ ምን ይጠየቃል!" ፈገግ አለ። "ሆዷ ግን ቂም አይዝም።"

ወጥ ቤት ገብታ እጅጌዋን ነክሳ አለቀሰች። ልጇ ስትደውልላት "እግሩ ጠንክሯል" አለቻት።

"እሰይ! ደስ አይልም እማዬ?"

"ደስ ይላል እንጂ።"

ከዚያ ወዲያ የወንበሩን መደገፊያ እንዲይዝ ትታው፣ እሷም "ብድግ ይበሉ" ትለው ጀመር። እግሩ ሲጠናለት ደግሞ ከሰዓት በኋላ እየወጣ በር ላይ ይቆማል። ተከትላው ከጎኑ ትቆማለች።

"ዛሬ ቆየች" ይላታል፣ መንገዱን እያየ።

"መንገድ ላይ ሰው አግኝታ ይሆናል።"

"ወሬ ትወዳለች" ይላል እየሳቀ፤ ጀንበር እስክታዘቀዝቅም አይገባም።

የሞተው በአጭር ሕመም ነው። ልጃቸው ሊያጽናኗት ለመጡት ሁሉ አባቷ እስከ መጨረሻው ሳምንት በገዛ እግሩ በር ይወጣ እንደነበር ስታወራ፣ እናትየው ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ማንን ሲጠብቅ እንደነበር ግን አልተነፈሰችም።