እህቴ ለምክር ቤት የተወዳደረች ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ልታይ ሄጄ፣ መግቢያው ላይ ከተቀመጠው ጠርሙስ እጄ ላይ ሳኒታይዘር ጨመቅ አደረግሁ። የዛሬዎቹ ሎሚ ሎሚ ነው የሚሸቱት። ይኼኛው ግን፣ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አረቄ አረቄ አለኝ። ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አልሰማሁም። በሐሳብ የድሮው ጋራዣችን ውስጥ ነበርኩ።

ያኔ፣ ኮሮና በገባበት በፈረንጆቹ 2020 መሆኑ ነው፣ ሳኒታይዘር ከየሱቁ ስለጠፋ የሚሠሩት አረቄ ፋብሪካዎች ነበሩ። አባቴ እጁን ባሸ ቁጥር ወደ አፍንጫው ያስጠጋና «ጾሙ ሳይፈታ አሰከሩን» ይል ነበር። እህቴ ለአካባቢያችን ምክር ቤት የተወዳደረችው በዚያ ሰሞን ነው። እኔ ሃይስኩል ልጨርስ የተቃረብኩ ልጅ ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ነው። እናቴ እዚሁ ላስ ቬጋስ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ለከሰዓት ሺፍት የምትሄደውም በአውቶቡስ ነበር። ፌርማታው አንድ የብረት ምሰሶ ነው፣ ጥላ የሚባል የለውም። አንድ ቀን አውቶቡሱ ዘገየባትና ራሷን ስታ ወደቀች። የቬጋስን የሐምሌ አስፋልት ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው? መዳፏና አንድ ጉንጯ ተቃጠለ። ቁስሉ ሲድን ቆዳዋ ሌላ መልክ ይዞ ቀረ።

እህቴ ከእኔ በብዙ ትበልጣለች፤ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የሆነች ናት። ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ሄዳ ስለ ፌርማታው ተናገረች። አመሰገኗት። ሌላ ጊዜም ሄደች፤ አሁንም አመሰገኗት። ከዚያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ስንበላ፣

«እኔ ራሴ እገባለሁ» አለች። «ምርጫ አለ። ስሜን አስመዘግባለሁ።»

እናቴ «እሰይ የኔ ልጅ!» አለች። አባቴ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ስምሽ በየመንገዱ ሊለጠፍ ነው?»

«አዎ አባዬ። ሳይን እናሠራለን። ትልልቅ።»

«እዚህ አገር ከስምሽ ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቴ ስም ነው» አለ። «የአባቴን ስም በየግድግዳው አትለጥፉብኝ።»

ተነሥቶ ወጣ። እህቴ ያፈረባት መሰላት። ለብዙ ጊዜ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም።

አባቴ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጣ ስደተኛ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ታክሲ ነድቷል፤ ዜግነት ከወሰደም ቆይቷል። ግን አንድም ቀን መርጦ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ላይ ስለ ምርጫ ሲወራ ሪሞቱን አንሥቶ ያጠፋዋል። እኛ ግድ የለውም ብለን ነበር የምናስበው።

መጋቢት ላይ ካዚኖዎቹ ተዘጉ። እናቴ ከሥራ ቀረች፣ የአባቴም ታክሲ ቆመ። የሰው በር ማንኳኳት የማይቻል ሆነ። ስለዚህ እህቴ ጋራዡ ውስጥ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ አየር እንዲገባ በሩን ወደ ላይ ከፍታ፣ በስልክ ቅስቀሳ ጀመረች። እኔ ቁጥር እደውልላታለሁ። አባቴ መሄጃ ስላልነበረው ጋራዡ ጥግ ላይ የሚታጠፍ ወንበሩን አድርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ መንገዱ ያያል። የሚታይ ነገር አልነበረም። መኪና የለም፣ የጎረቤት ውሻ ብቻ ይጮኻል።

መጀመሪያ የደወልነው የቤተ ክርስቲያናችን አባል ለሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበር።

«ሄሎ፣ አንተ ደህና ነህ?» አለች እህቴ በዚያ በእንግሊዝኛ አፏ። «እኔ ለምክር ቤት እየሮጥኩ ነው።»

ስፒከሩ ላይ ነበርና መልሳቸው ጋራዡን ሞላው። «ውይ ልጄ! ማን እያባረረሽ ነው?»

አባቴ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እርስዎ በይ እንጂ! እኔን የሚያህሉ ሰው አንተ ይባላሉ? ደግሞ እሮጣለሁ ምንድን ነው? እወዳደራለሁ ነው የሚባለው!» ስልኩን ከእጇ ወሰደ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ልጄ ናት። አማርኛዋ እዚህ ስለተወለደ ነው።»

በማግስቱም መጣ። ጠረጴዛው አጠገብ ወንበሩን አስጠግቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ «ፖለቲካው አያገባኝም፤ አማርኛው ነው የሚያሳፍረኝ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሽማግሌዎቹ የሚደውለው እሱ ሆነ። እህቴ ከጎኑ ትቀመጥና ስለ ፌርማታው፣ ስለ መንገድ መብራቱ በእንግሊዝኛ ሹክ ትለዋለች፣ እሱ አሳምሮ ይናገረዋል። ሲሳሳቅ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር።

የድምፅ መስጫው ወረቀት ያን ጊዜ በፖስታ ነበር ወደየቤቱ የተላከው፤ ሞልቶ፣ ፖስታው ጀርባ ላይ ፈርሞ መመለስ ነው። አንድ ቀን ከቻይናታውን ሰፈር ጀርባ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰው ደወለ። ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ ነበራቸው።

«ደርሶኛል» አሉ። «ልጅህንም እግዚአብሔር ይርዳት። እኔ ግን የፖለቲካ ወረቀት ላይ አልፈርምም። አንዴ ፈርሜ አይቻለሁ።»

እንዲህ ያሉት ብዙ ነበሩ። አባቴ «እሺ ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ» ብሎ ነበር የሚዘጋው። ያን ቀን ግን አልዘጋም። እኛ መኖራችንን የረሳ ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ አንድ ታላቅ ወንድም ነበረኝ» አለ። «በደርግ ጊዜ ለቀበሌ ተወዳደረ። ለቀበሌ! ውሃ ቦኖ ሊያስተክል ነበር የፈለገው። ተሸነፈ። ያሸነፉት ሰዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ከቤት መጥተው ወሰዱት። ስሙን ከነአባታችን ስም ከተገደሉት ጋር ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ወዲህ እኔም የምርጫ ወረቀት ፈርሜ አላውቅም።»

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። አጎት እንደነበረን ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ሽማግሌው «እና አሁን ለልጅህ አልፈረምክም?» አሉ።

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው አብረን እንፈርማ። እኔ እስክሪብቶዬን ላምጣ፤ አንተም አምጣ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ሮጬ ገብቼ ፖስታውን አመጣሁለት፤ ከፍቶት እንኳ አያውቅም ነበር። ወረቀቱን እየተነባበቡ ሞሉ። ከወዲያ በኩል ሽማግሌው ሲያስሉ፣ ወንበራቸው ሲጢጥ ሲል ይሰማናል። «ጨረስክ?» «ጨረስኩ ጋሼ።» ከዚያ ፖስታዎቹን ገልብጠው ፈረሙ። አባቴ የሚፈርመው በአማርኛ ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ላይም እንዲሁ። ቀስ ብሎ፣ እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ ጻፈው።

አባቴ በማግስቱ ዓመት፣ ጥምቀት ሰሞን በዚያው በኮሮና ሞተ። ሆስፒታል አላስገቡንም፤ የተሰናበትነው በስልክ ነው። ፌርማታው ላይ አሁን ጥላ አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የተሠራው፤ ማን እንዳሠራው ሲጠየቅ አልሰማሁም።

የምርጫው ውጤት የታወቀው በዚያው በ2020 ሰኔ ላይ፣ ካዚኖዎቹ ተከፍተው አባቴ ወደ ታክሲው በተመለሰ ሰሞን ነበር። ሦስተኛ ወጣች። ሩቅ ሦስተኛ። አባቴ ከሺፍት ሲመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ብርቱካናማ ሆኖ ነበር። እህቴ ጠረጴዛው ላይ አገጯን አስደግፋ፣ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። እናቴ ሽሮ ታቀርባለች።

«አለቀ?» አላት።

«አለቀ አባዬ። ተሸነፍኩ።»

«ያሸነፈው ሰውስ?»

«ደወልኩለት። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ታንክ ዩ አለኝ። ደግሞ ስለ እማዬ እጅ ጠየቀኝ።»

አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ አያት፤ የሚያየው እሷን ብቻ አይመስልም ነበር።

«ተሸንፈሽ፣ ደውለሽለት፣ ቤትሽ ገብተሽ፣ አሁን እራትሽን ልትበዪ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች፣ የተቆጣት መስሏት።

«ምንም» አላት። «ምንም አታድርጊ። ብዪ።»

ጠቅልሎ አጎረሳት። ሁለተኛም ጠቀለለ።