በሰማንያኛው ደቂቃ

ፈሪ ነኝ። ፊቴን ያየ ሁሉ ስለሚያውቀው መደበቁ ምን ያደርግልኛል? ልጅ ሆኜ ጎህ ሳይቀድ የአጥራችን በር ከተንኳኳ ብርድ ልብሴን ይዤ አልጋ ሥር እገባ ነበር። ምክንያት አለኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚመጣው በጠዋት ነው፤ ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ባለቤቱ ሳይነቃ ደጅ ላይ ይቆማል። እናቴ ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሆስፒታል ተኝታለች ብለውኝ አራት ቀን ሙሉ አክስቴ ቤት ገመድ ስዘል ሰነበትኩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከዚያ ወዲህ የምፈራው ሞትን ብቻ አይደለም። ሌላው ሁሉ የሚያውቀውን፣ እኔ ብቻ የማላውቀውን ነገርም ጭምር ነው።

እንዲህ ነኝ እያልኩ ግን ራሴም ያንኑ አደርጋለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ዊተን ስኖር፣ አንዲት ጎረቤቴ እናቷ አገር ቤት ሲያርፉ፣ መሥሪያ ቤቷ ደውዬ ለሱፐርቫይዘሯ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ፈቃድ እንዲሰጣት፣ ለእሷ ግን ትንፍሽ እንዳይል። ሱፐርቫይዘሯ ያውቃል፣ የሕንፃው ሐበሻ በሙሉ ያውቃል፣ መርዶ ወደሚነገርበት ቤት ስንወስዳት እሷ ብቻ ልደት የምትሄድ መስሏት መኪናው ውስጥ ሊፕስቲክ ትቀባለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቀለሙ ያምርብሻል እላታለሁ። ኧረ የኔ ነገር!

ሲልቨር ስፕሪንግ የምጠብቃቸው ሽማግሌ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። የልብ ሕመምተኛ ሰው ለፈሪ መስጠት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የቀጠረኝ ኤጀንሲ ግን ይህን አልጠየቀኝም። አሜሪካ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ የአስታማሚነት ሰርተፊኬቴን ይዤ፣ ከዊተን በባቡር ሁለት ጣቢያ ሄጄ፣ በጠዋት እገባለሁ። አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትጠብቀኝና ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆማ፣ «አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ እንዳይደነግጥ» አለችኝ። ይቺ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ተቸንክራ ቀረች።

ሽማግሌው በዓለም ላይ የሚወዱት ነገር ቢኖር የከተማውን የበረዶ ሆኪ ቡድን ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ያቺን እንደ ኳስ የምትመታ ጥቁር ጎማ ማየት አይችሉም። ማታ ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ ግን መድኃኒታቸው ገና ጨዋታው ሳይሟሟቅ ያስተኛቸዋል። ልጃቸው ደግሞ ስፖርት ሲባል ደሟ ይፈላል። ስለዚህ ውጤቱን ጠዋት ጋዜጣ ላይ አንብቤ የምነግራቸው እኔ ነኝ። እኔ! ሆኪ የሚባል በሕይወቴ ያላየሁ፣ ጫማቸው ሥር ቢላ ያሰሩ ሰዎች በዱላ ሲሯሯጡ አንዱ አንዱን እንዳይቆርጠው ዓይኔን የምጨፍን ሴት።

መጀመሪያ ያነበብኩላቸው ውጤት ሽንፈት ነበር። አራት ለአንድ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሽማግሌው ደረታቸውን ያዙ፤ ከንፈራቸው ነጣ። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ብልቃጥ አሳዩኝ። ክኒኗን አውጥቼ ከምላሳቸው ሥር አደረግኩላቸው። ውይ በሞትኩት፣ በመጀመሪያ ሳምንቴ ሰው ገደልኩ! የኤጀንሲው ነርስ መጥታ ግፊታቸውን ለካች፣ ደህና ናቸው አለች። እኔ ግን ስመለስ ባቡር ውስጥ ይህንኑ ሳስብ ጣቢያዬን አልፌ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተሸነፉ። ጋዜጣውን ዘርግቼ ሽማግሌውን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ። ብልቃጧን አየኋት። «አሸነፍን» አልኩ።

አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማን ይመልሰኝ? ዝርዝሩን ይጠይቁኛላ! ጨዋታ የማውቀው በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ሬዲዮ ላይ የሰማሁትን የእግር ኳስ ስርጭት ብቻ ነው፤ አባቴ ጨዋታ ካለ ቡናው እስኪቀዘቅዝበት የሚረሳ ሰው ነበር። እሱኑ እያስታወስኩ እተረትራለሁ። «ከእረፍት መልስ በሁለተኛው አጋማሽ ልጆቻችን ጨዋታውን ተቆጣጠሩ። በሰማንያኛው ደቂቃ የማሸነፊያዋ ጎል ተቆጠረች።» ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «ሰማንያኛው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ፣ ሰማንያኛው» አልኩ አፌን ሞልቼ። ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ገንፏቸውን ላሞቅ ተነሣሁ።

ቡድኑ እየባሰበት ሄደ። እኔ ጋ ግን በድል ላይ ድል ነበር። የሚገርመው ሽማግሌው መክሳት ጀመሩ። ቁርሳቸውን ግማሹን ይመልሳሉ፤ ማታ ሬዲዮ ለመክፈትም ሰነፉ ብላ ልጃቸው ነገረችኝ። እኔ ደግሞ እሳቸው በከሱ ቁጥር ጎል እጨምራለሁ። አንድ ቀንማ ሰባት ለባዶ አሸነፍን። ሰባት ለባዶ ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በደስታም ሰው ይሞታል እንዴ ብዬ ነርሷን ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ለምን ብትለኝ ምን እላታለሁ?

በማግስቱ ጋዜጣውን ገና ሳልከፍት «ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ሆኪ ስድሳ ደቂቃ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በሦስት ይከፈላል። ሁለተኛ አጋማሽ የለውም። ሰማንያኛ ደቂቃ የሚባልም የለም።»

ጋዜጣውን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

«አሁን ንገሪኝ» አሉ። «ሐኪሙ ምን አለ? ስንት ጊዜ ቀረኝ?»

መጀመሪያ የሚሉት አልገባኝም። ቀስ ብሎ ሲገባኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ ከመጀመሪያዋ «ሰማንያኛ ደቂቃ» ጀምሮ ያውቃሉ። አውቀው፣ ዝም ብለው፣ ይህቺ ሴት ለሽንፈት እንኳ የምትዋሸኝ ልጄና ሐኪሙ የመጨረሻዬ መሆኑን ቢነግሯት ነው ብለው፣ ስንት ቀን ሙሉ ሞታቸውን ሲጠብቁ ኖረዋል። ድል ባበሰርኳቸው ቁጥር መቃብራቸውን እቆፍርላቸው ነበር። እኔ፣ ሌላው የሚያውቀውን አለማወቅ እንዴት እንደሚያስፈራ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቅ ሰው!

አለቀስኩ። እናቴን ገመድ ስዘል እንደቀበሯት፣ መርዶ በጠዋት እንደሚመጣ፣ በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ እንደማይነገር፣ ሐኪሙ ምንም እንዳላለኝ፣ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በእናቴ አጥንት ማልኩላቸው። ረዥም ጊዜ ፊቴን አተኩረው አዩ፤ የደከመ ዓይናቸው ምን እንዳየ እንጃ። ከዚያ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ።

«ይሄ ቡድን ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ሲያበሳጨኝ የኖረ ነው» አሉኝ። «ሽንፈት ለምጃለሁ። እንቅልፍ ያጣሁት ማሸነፍ ከጀመርን ወዲህ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳለ ላነብላቸው ተስማማን። እሳቸውም በበኩላቸው መቼም እንደማይዋሹኝ ቃል ገቡልኝ፤ እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አምስት ለሁለት ስላቸው በረኛውን ይሳደባሉ፤ ስድስት ለአንድ ስላቸው አሠልጣኙን ከነዘር ማንዘሩ ይረግሙና ሁለተኛ እንቁላል ያስጠብሱኛል። ብልቃጧ አቧራ ጠጣች። እኔም ጋዜጣውን በራቸው ላይ አንሥቼ ኮሪደሩ ውስጥ ውጤቱን ቀድሜ የማየት ልማድ አወጣሁ፤ ለውሸት ሳይሆን ፊቴን ለማዘጋጀት። ለጥቂት ሳምንት ፍርሃት የሚባል ነገር ረሳሁ ማለት ይቻላል።

ከዚያ አገር ቤት ያለው አባቴ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ካርድ ገዝቼ ስደውል ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነበር፤ ከእህቴ እጅ መንጭቆም ቢሆን ያወራኛል። አሁን ተኝቷል ይሉኛል። ሌላ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። በሳምንቱ፣ ጆሮው ስልክ አልሰማ ብሎታል። አሌክሳንድሪያ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ብጠይቀው «ትንሽ ጉንፋን ነው፤ ደግሞ አንቺ ጀመርሽ!» ብሎ ተቆጣኝ። ወንድሜ የሚቆጣው ሲፈራ ነው።

ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ለምን በቀጥታ አትጠይቂያቸውም?» አሉኝ።

«ብጠይቃቸውማ ይነግሩኛል!»

«ካልጠየቅሽስ?»

«ይዋሹኛል።»

ከልባቸው ሳቁ። «ታዲያ የትኛውን ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም አላውቅም። ያን ሰሞን ባቡር ስጠብቅ ስልኬ ከጮኸ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ይደርቃል። ጠዋት ጎረቤት በር ሲዘጋ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ እስባለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር አክስቴ፤ ያቺን ተረት ያወጣውን ሰው ባገኘው ምነው አፍህን በቆረጠው እለዋለሁ።

የውድድሩ የመጨረሻ ጨዋታ የተደረገ ማግስት ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ጋዜጣውን ከበሩ ሥር አንሥቼ ኮሪደሩ ላይ ገለጥኩት። አምስት ለአንድ ተሸንፈዋል። ዓመቱ አለቀ፤ ወደ ቀጣዩ ዙርም አላለፉም። እንግዲህ ዛሬ አሠልጣኙን አያድርገኝ ብዬ ፈገግ እያልኩ አንኳኳሁ።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። ቦርሳ አልያዘችም። በቤት ጫማ ነው ያለችው። «ዛሬ ሥራ አልገባሁም» አለችኝና ካፖርቴን ተቀበለችኝ። ካፖርቴን ተቀብላኝ አታውቅም።

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ ጸጉራቸው በውኃ ተበጥሯል። ደህና አደርሽ ሳይሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው፣

«አሸነፍን» አሉኝ።

ጋዜጣው እጄ ላይ ነው።

«ትናንት እስከ መጨረሻው ነቅቼ ሰማሁ» አሉ። «ጥሩ ጨዋታ ነበር።» ልጃቸው ከኋላዬ ቆማ፣ «ወንድምሽ ማታ ደውሎ ነበር» አለችኝ። ኤጀንሲው ፎርም ላይ ለአደጋ ጊዜ ብዬ የሞላሁት ስልክ የእሱ ነው፤ የእነሱን ቤት ስልክም ለእሱ የሰጠሁት እኔው ነኝ። «ሊወስድሽ እየመጣ ነው። ልደት አለ አለ።»

ልደት።

እንደዚያች ጎረቤቴ ጊዜ፣ ሱፐርቫይዘሩ ያውቃል፣ ሕንፃው ያውቃል። እኔም አወቅሁ። የማይዋሹኝ ሰው ዋሹኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ምልክት እፈልጋለሁ? ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ዞረው አዩኝ። ያን ዕለት ስንት ጊዜ ቀረኝ ብለው ሲጠይቁኝ የነበረው ፍርሃት ነው ፊታቸው ላይ ያለው። የሚፈሩት ለእኔ ነበር። ደረታቸውን አየሁ፣ ብልቃጧን አየሁ፣ ጩኸቴን ዋጥኩት።

«አንብቢልኝ» አሉኝ።

እግራቸው ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣውን ዘረጋሁ። አምስት ለአንድ ይላል። «ልጆቻችን ትናንት ድንቅ ጨዋታ አሳዩ» ብዬ ጀመርኩ። ፊደሉ አይታየኝም፤ እንባዬ ገጹ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ግን አነባለሁ። ሬዲዮው አጠገብ እንደተቀመጠው ሰው፣ ቡናው እንደቀዘቀዘበት ሰው፣ ኳሷን ከክንፍ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ፊት አሳልፋለሁ። እያነበብኩ እስካለሁ ድረስ ማንም ምንም አልነገረኝም። ካቆምኩ ግን አባቴ ይሞታል።

የታችኛው በር ደወል ጮኸ። ልጃቸው አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛ ጮኸ።

«ቀጥይ» አሉኝ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው።

«ከእረፍት መልስ» አልኩ፣ «በሁለተኛው አጋማሽ፣ በሰማንያኛው ደቂቃ…»

ስድሳ ነው አላሉኝም።