ግድግዳ የተደገፉት ተከላካይ

ስመኝ በሆላንድ፣ ዴልፍስሃቨን በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን ማረፊያ ወለሉን የምትወለውለው፣ ያጸዳችውን እንዳትረግጥ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ነው። አንድ ሽማግሌ ወንበራቸውን ግድግዳ አስጠግተው ያይዋታል። ህንድ ነጻ በወጣች ማግስት ለአገሪቱ በባዶ እግራቸው ኳስ ይጫወቱ የነበሩ ተከላካይ ናቸው ይባላል። ዛሬም ጫማም ካልሲም አያደርጉም፤ ሰው ሲገባ ፊቱን ትተው እግሩን ያያሉ።

«እኛም እንዳንቺ ነበር የምናፈገፍገው» አሏት አንድ ጠዋት፣ በተሰባበረ ሆላንድኛ።

«ታዲያ ምነው አሁን ከግድግዳው አልላቀቅ አሉ?»

«አንድ አጥቂ አልፎኝ ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ ኮቴው ከኋላዬ ይሰማኛል።»

«ግድግዳው አላስቆመውም?»

ሽማግሌው ባዶ እግራቸውን ከእርጥቡ ወለል ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

«እሱንም ያልፈዋል፣ ልጄ።»