የጉድጓዱ አፍ

አክስቴ የመንደራችንን የውሃ ጉድጓድ ገመድ መግመድ ከጀመረች ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ሁለት መንግሥታት «መንደሩ የኔ ነው» እያሉ ሲጣሉበት ባንዲራው ሦስቴ ተቀይሯል፤ የእሷ ገመድ ግን አንድም ቀን አልጎደለም። በጉድጓዱ የድንጋይ አፍ ላይ የገመድ ፍትጊያ የቦረቦራቸው አሥራ ዘጠኝ ቦዮች አሉ። እያንዳንዱ ቤት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የራሱ ቦይ አለው፤ ሳያስፈቅድ በሰው ቦይ የሚቀዳ የለም።

ባለፈው ሳምንት ድንበር ሊለካ የመጣ ቀያሽ፣ «እማማ፣ እዚህ ለመኖራችሁ ሰነድ አላችሁ?» አላት። ድፍረቱ!

አክስቴ ደሟ ፈላ። እጁን ለቀም አድርጋ ጣቱን የቤታችን ቦይ ውስጥ ከተተችው። እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰመጠ።

«ይሄን የጀመረችው ቅድመ አያቴ ናት። ገመድ ድንጋይን እዚህ ድረስ ለመብላት ስንት ዓመት ይፈጅበታል? የተማርክ ነህ፣ አስላው!»

ሰውዬው ጣቱን አውጥቶ ወደ መለካቱ ተመለሰ። ፀሐዩ ሲበረታበት ግን ውሃ ሊቀዳ ባልዲውን አንስቶ ገመዱን ባገኘው ቦይ ላይ ጣለ።

«ተው! እሱ የጎረቤቴ ነው!» ብላ ጮኸችበት። «ሂድና አስፈቅድ!»

መንግሥት የላከው ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ የጎረቤታችንን በር አንኳኳ።