ይታሰብለታል

አማርኛ የተማርኩት ዘግይቼ፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ አንድን ግስ ሳላጣራ ማለፍ አይሆንልኝም። ታላቅ ወንድሜ ግን አማርኛውን ያገኘው ከቦንጋ ገበያ ነው። በገበያ አማርኛ «ሒሳብ ይታሰብ» ከተባለ ብር ከኪስ ይወጣል። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ወንድሜ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ዳር ከአባታችን የቀረ ቡና አለው። ባለፈው በጋ ከግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ገበሬውን ሰበሰበ። ያረጀ ቡና ከጉልበት በታች ተቆርጦ መጎንደል አለበት፣ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል አለ።

«እስኪያፈራ ምን እንበላለን?» ብሎ የጠየቀው ወንድሜ ነበር።

«ለጎነደለ ገበሬ ድጎማ ይታሰብለታል» አለ ባለሙያው።

ወንድሜ በዚያው ሰሞን ቡናውን አንድ ሳያስቀር ጎነደለው። ጎረቤቱ «መጀመሪያ ያምጡ፣ ከዚያ እቆርጣለሁ» ብሎ የራሱን አልነካም። ወንድሜ ይህን ሲያወራልኝ «ፈሪ!» እያለ ይስቅ ነበር።

የጎረቤቱ ቡና ሲቀላ የወንድሜ ቀንበጥ ገና ጉልበት አልደረሰም። ድጎማም የለም። እኔ የምኖረው ቦንጋ ነው፤ አንድ ጠዋት ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደጄ ቆመ።

«አንቺ ተምረሻል። አብረሽኝ ግቢ» አለኝ።

ግብርና ጽሕፈት ቤት ስንገባ ያው ባለሙያ ነበር። ተነስቶ ወንበር ሰጠን።

«አባቴ፣ ይታሰባል ነው ያልኩት፤ ይከፈላል አላልኩም» አለ።

«ታዲያ እስካሁን አልታሰበም?» አለ ወንድሜ።

«እየታሰበ ነው።»

«የሚያስበው ማነው?» አልኩ እኔ።

«እሱ እንኳ ከበላይ ነው፣ እትዬ።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ በቋንቋችን በካፊኖኖ «ይህ ቃል ምንድነው?» አለኝ። ማታ ትምህርት ቤት ተገብሮ ግስ ይሉታል። አድራጊው ሳይጠራ ነገሩ ይደረጋል፤ የሚጠየቅ ሰው የለውም። ይህን ሁሉ እንዴት ብዬ ላስረዳው? «ሁለት ነገር ነው፤ መቁጠርም ማሰብም» አልኩት።

«መቁጠሩ ለእነሱ፣ ማሰቡ ለእኛ ደረሰን በይኛ» አለና ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ የቤታቸው ቀልድ ሆነ። ልጃቸው ጫማ ስትጠይቅ «ይታሰብልሻል» ትባላለች። እሱ ቆጮ ሲያስጨምር ሚስቱ «እየታሰበ ነው» ትለዋለች። ይስቃሉ። ቆጮው ግን እውነትም አይጨመርም፤ እኔ አብሬያቸው መሳቅ አቃተኝ።

በቀደም ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለሁ ደጃቸው መኪና ቆመ። ባለሙያው እንግዶች ይዞ ጉቶውን ሊያስጎበኝ መጥቷል። ከመንደሩ ቃሉን አምኖ ቡናውን በሙሉ የጎነደለ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ወንድሜን «ሞዴል አርሶ አደራችን» ብሎ አስተዋወቀው። አንዲት ማስታወሻ የያዘች ሴት ፈገግ ብላ ጠየቀችው።

«ድጎማውስ እንዴት ነው፣ አባት?»

ባለሙያው ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ወንድሜ በዓይኑ ከለከለኝ። ማዳበሪያ ሲመጣ ማን እንደሚቀድም የሚወስነው ያው ባለሙያ ነው።

«ታስቦልኛል» አለ ወንድሜ።

«በጣም ደስ ይላል» አለች። ከጉቶው አጠገብ አቁመው ፎቶ አነሱት፤ ሄዱ።

«ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አልክ?» አልኩት።

«ቃሉ የእነሱ ነው። መለስኩላቸው።»

ከዚያ ከግድግዳው ላይ ቅርጫቱን አወረደና ቁልቁል ወደ ጎረቤቱ ቡና ሄደ። ሰሞኑን በቀን ሥራ የሚለቅመው እዚያ ነው። ያ ፈሪ የተባለው ጎረቤቱ ማታ ማታ ይከፍለዋል።