ደሞዙ መስመሩ ላይ እስኪደርስ

«አንቺ ያገባሽው ልጄን አይደለም፤ ደሞዙን ነው» አሉኝ አማቴ፣ በራቸው ላይ ቆመው፣ ፊት ለፊቴ።

ያስቆጣኋቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው፣ ማለትም ባሌ፣ አሁን ስንት እንደሚከፈለው ጠይቄያቸው ነበር።

«መች አየሁትና፣ እማ? እሱንም አላየሁ፣ ደሞዙንም አላየሁ» አልኳቸው።

«ምላስሽ ይቆረጥ!» ብለው በሩን ዘጉት።

ባሌ በያጅ ነው። ከሚሴ ከመናኸሪያው ጀርባ በርና መስኮት ይሠራ ነበር፤ ከዚያ በሙያው ተቀጥሮ አውሮፓ ገባ። ኒካችን የታሰረው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አጎቴና የሱ ወኪል እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ፣ ስልኩ መሐላቸው ትራስ ላይ ተደረገ፣ እሱም ከወዲያ ሆኖ ተቀብያለሁ አለ። እልል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያለሁት አባቴ ቤት ነው። ልጃገረድ አይሉኝ፣ ባለትዳር አይሉኝ። ጧት ተነስቼ ሞባይል መሸጫ ሱቅ እገባለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ፤ ሰው ሁሉ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ይለኛል።

የምሄደው እሱ ቋሚ መኖሪያ ሲያገኝ ነው፣ ስምምነታችን ይሄ ነበር። ቋሚ መኖሪያ ደግሞ በደሞዝ ነው። ባለሙያ ሆኖ ከውጭ የገባ ሰው ደሞዙ መንግሥት ካሰመረው መስመር በላይ ካልሆነ ወረቀቱን አይሰጡትም፣ ብሎ አስረዳኝ። ሰንበቱንም ሌሊቱንም ሠርቼ ሞላሁት አለኝ። ደስ አለኝ። በሌላ ጊዜ ደውሎ፣ የትርፍ ሰዓቱን አንቆጥርም፣ መነሻ ደሞዝህን ብቻ ነው የምናየው አሉኝ አለ። መነሻው ሲጨመርለት ደግሞ መስመሩ ራሱ ከፍ አለ።

አላመንኩትም። ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ገንዘብ አልቆጥርም የሚል መንግሥት የት አለ? ሱቁ ጭር ሲል በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ እየተንገዳገድኩ፣ ያቃተኝን ስልኩ እየተረጎመልኝ፣ የዚያን አገር ሕግ ፈልጌ አነበብኩ። እውነቱን ነው። መስመሩ አለ። ትርፍ ሰዓት አይቆጠርም። ከፍም ይላል። በመጠርጠሬ አፍሬ ሰነበትኩ፤ ሲደውልም ድምፄን አለዝብለት ጀመር።

አሁን ሳስበው የጎዳኝ ያ እውነት ነው። ውሸት ብቻውን ቢመጣ ኖሮ በሩ ላይ እይዘው ነበር።

ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ መሽተት ጀመረ። ድሮ ሲጨመርለት ከነሳንቲሙ የሚነግረኝ ሰው «ኢንሻአላህ፣ ቀርቧል» ብቻ ይለኝ ጀመር። ስንት ቀረህ ስለው መስመሩ ይቆራረጣል፤ «ኔትወርክ!» ብሎ ይዘጋል። እኔ ደግሞ ስልክ ሻጭ ነኝ። የኔትወርክ መጥፋትና የሰው መጥፋት ድምፃቸው አንድ አይደለም። ለዚህ ነው እናቱ ዘንድ የሄድኩት፤ እሳቸውም እንደሰማችሁት በሩን ዘጉብኝ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ የምታልባት ፍየል ልትገዛ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ይዛኝ ሄደች። ፍየል ተራ ስንደርስ አማቴ ከአንድ አፋር ጋር ዋጋ ይከራከራሉ። እጃቸው የቀይ ሙክት ጀርባ ላይ ነው፣ ስቡን ይዳስሳሉ። ሲያዩኝ እጃቸውን እንደ እሳት አነሱት።

«ለምንድነው፣ እማ?»

«ሥጋ መብላትም በፈቃድ ሆነ እንዴ?»

«ከሚሴ ሙክት ጠፍቶ ነው እዚህ ድረስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነሽ?»

ራቅ እንዳልን አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ቀይ ሙክት! በኒካው ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ ምን ብለው ተሳሉ? ልጄ ወረቀቱ ከወጣለት ቀይ ሙክት አርጄ ወዳጃ አስቀምጣለሁ አላሉም?»

ብለዋል። እልልታው አፍኖት ረስቼው ነው። ወዳጃ በኛ አገር ሰው ጫቱን ይዞ ዱዓ የሚቀመጥበት ነው፤ ለመለመንም ይቀመጡታል፣ ለማመስገንም። የስለት ሙክት ግን የሚታረደው ለምስጋና ብቻ ነው። ስለት በዱቤ አይታረድም። ከሰመረ በኋላም ብዙ አይቆይም፤ ያቆየው ሰው ምን እንደሚደርስበት እየተነገረን ነው ያደግነው። አማቴ እኔን ሊዋሹኝ ይችላሉ። አላህን ግን አይዋሹም።

ወዳጃው ሐሙስ ነበር። ሳልጠራ ሄድኩ። ቆዳው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ሥጋው ጓሮ ይቀቀላል። ወደ ውስጥ አንገቴን ባስገባ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። አጎቴም አለበት! የኔው ወኪል፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ። ሲያየኝ ማኘኩን አቆመ። ዱዓውን የሚመሩት ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው «ገለኒ ከን ረቢቲ» ይላሉ በኦሮምኛ፣ ምስጋናው የአላህ ነው፤ ቤቱ በሙሉ «አሚን!» ይላል። ማንም ምንም አይለምንም።

አማቴ ጎትተው ወደ ጓሮ አወጡኝ።

«ወረቀቱ መቼ ወጣለት?» አልኳቸው።

ድስቱን ማማሰል ጀመሩ። «ከረመዳን በፊት» አሉ፣ ሳያዩኝ።

«እስካሁን ታዲያ ደሞዜ አልደረሰም የሚለኝ?»

«ዓይን ፈርቼ ነው። እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት።»

«የኔን ዓይን?»

«የሰው ዓይን፣ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ። ደግሞ ሚስት ለማምጣት ሌላ ደሞዝ ይጠይቃሉ አለኝ። ሌላ መስመር አለ አሉ።»

እዚያው ጓሮ ቆሜ ደወልኩለት። ወዲያው አነሳው፤ ከእናቱ ወዳጃ ስልክ እየጠበቀ ነበር መሰለኝ።

«ሁለተኛው መስመር ስንት ነው?» አልኩት።

«የምን መስመር?»

«ለሚስት የሚጠየቀው።»

«እ… እሱን ገና አላጣራሁም።»

የመጀመሪያውን እንደ ፋቲሓ በቃሉ ይወጣው የነበረ ሰው! ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼ ገባሁና ስልኩን ሽማግሌው ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ዱዓውን አቋረጥኩ። ኒካዬ በስልክ ታስሯል። ወይ ይውሰደኝ፣ ወይ በስልኩ ይፍታኝ።»

«ዛሬ እኮ የምስጋና ቀን ነው» አለ አጎቴ።

«የምን ምስጋና እንደሆነ አንተ ነገርከኝ?»

አጎቴ ጫቱን ማየት ጀመረ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ሽማግሌው ግን ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ሰላም ነህ ወይ? ይቺን ልጅ ትወስዳታለህ ወይስ ትለቃታለህ?»

«አባባ፣ ደሞዜ ትንሽ ከፍ ቢልልኝ…»

«ደሞዝህን አልጠየቅንህም።»

ሰው ሁሉ ስክሪኑን ያያል። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር።

«እሷ ከፈለገች…» አለ በመጨረሻ።

«እፈልጋለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ፈትቻታለሁ።»

«ላ ሐውለ፣ ያለ አላህ ኃይል የለም» አሉ ሽማግሌው፣ ወደኔም ሳይሆን ወደ ስልኩም ሳይሆን። አማቴ ሥጋ የሞላ ሳህን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «ተቀመጪ» አሉኝ። «ሰው ከወዳጃ ቤት ሳይቀምስ አይወጣም።»

ስልኬን ከሽማግሌው ጉልበት ላይ አነሳሁ። በአማቴ አጠገብ አልፌ፣ ደጃፉ ላይ ከተከመረው ጫማ መሐል የራሴን ፈልጌ አደረግሁ፤ አስፋልቱ ድረስ ወርጄ ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ።